ገዳዩ ዐረፍተ ነገሩን ከማን ተዋሰው?

(ኮምቦልቻ ላይ ለወጣቶችና ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። ወሎ ውስጥ አንዱን ብቻ ብሎ የሚጀምር ሰው የአዳራሹን ግማሽ ሰላም ሳይል እንዳለፈ ስለሚቆጠር ሁለቱንም ብያለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ረዘም ይላል። የሚዲያ አነጋገር፣ ፀረ ሙስሊም ጽንፈኝነት፣ ስለ ብዝኃ ባህል፣ ማለትም ባህሉና ሃይማኖቱ የተለያየ ሕዝብ በአንድ አገር አብሮ ስለመኖሩ፣ የሚደረግ ክርክር። «ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ኮምቦልቻ ምን አገባት?» የሚል ሰው እዚህ ካለ እስከ መንገዱ አጋማሽ ይታገሠኝ። መጀመሪያ ፈረንጅ አገር እንሄዳለን። ከዚያ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ይዘን እንወርዳለን።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2011፣ ዓርብ ከሰዓት። የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ ውስጥ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ሰፈር የቆመ መኪና ፈነዳ። 8 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ ወደዚያ ሲሯሯጥ ቦንቡን ያጠመደው ሰው የፖሊስ ልብስ ለብሶ ዑቶያ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ተሻገረ። እዚያ የሠራተኞች ፓርቲ ወጣቶች ካምፕ ነበራቸው። እየዞረ 69 ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው። በአንድ ቀን 77 ሰው።

ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። እኔን የሚከነክኑኝ ከፍንዳታው በኋላ ገዳዩ እስኪታወቅ ያሉት ጥቂት ሰዓታት ናቸው። ቴሌቪዥኖቹ ተንታኝ ጠሩ። ተንታኞቹ ማን እንዳደረገው ሳያውቁ ለምን እንዳደረገው ማስረዳት ጀመሩ። ዘ ሰን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በማግሥቱ የፊት ገጹ ላይ «የአልቃይዳ ጭፍጨፋ፤ የኖርዌይ 9/11» ብሎ ወጣ። ሰውዬው ሲያዝ ኦስሎ የተወለደ ነጭ ኖርዌያዊ ሆኖ ተገኘ። አንደርስ ብሬይቪክ።

ወዲያው ወሬው ተገለበጠ። ከሰዓት «እስላማዊ ሽብር» ያለ አፍ ማታ «ብቸኛ እብድ» አለ። እብድ ማለት ለሁሉም ይመቻል፤ እብድ ከማንም አልተማረማ! ፍርድ ቤቱ ግን ይህን አልተቀበለም። የመጀመሪያዎቹ የአእምሮ ሐኪሞች ታማሚ ነው ብለው ነበር፤ ሁለተኛዎቹ ጤነኛ ነው አሉ። ኦገስት 2012 ላይ ዳኞቹ ጤነኛ ነው፣ ያደረገውን ያውቃል ብለው 21 ዓመት ፈረዱበት። አደገኛ ሆኖ ከቀጠለ የሚራዘም ፍርድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰውዬው ከፍንዳታው ትንሽ ቀደም ብሎ በኢሜይል የበተነው 1,500 ገጽ የሚያልፍ ሰነድ ነበረው። ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያነቡት ብዙውን እሱ እንዳልጻፈው አወቁ። ከብሎግ ገልብጧል። ከጋዜጣ ዓምድ ገልብጧል። ዩናቦምበር የሚባለው አሜሪካዊ ቦንብ አፈንጂ ከጻፈው ሳይቀር ጥቂት ቃል እየቀየረ ወስዷል። የፈተና ወረቀት ቢሆን ኖሮ ዜሮ ያገኝ ነበር።

ሐሳቡም የእሱ አይደለም። ሙስሊሞች አውሮፓን ሊወርሷት ነው፤ ፖለቲከኛውና ጋዜጠኛው በር ከፍቶላቸዋል፤ ብዝኃ ባህል የዚህ ሴራ የዳቦ ስም ነው። ይህንን ለዓመታት ሲሉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ኮትና ክራቫት አድርገው፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ቁጥር እየጠቀሱ። ከጠቀሳቸው መካከል ብዙዎቹ በኋላ ደንግጠው ግድያውን አወገዙ። ድንጋጤያቸውን አምናለሁ። ዳሩ ግን ሰውዬው ጠብመንጃ ለማግኘት የተቸገረውን ያህል ቃል ለማግኘት አልተቸገረም። ዐረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው።

እዚያች ደሴት ላይ ከተገደሉት አንዷ ከኢራቅ ኩርዲስታን ከመጣ ቤተሰብ የሆነች የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። ከሟቾቹ መጀመሪያ ከተቀበሩት አንዷ እሷ ናት። ሉተራን ቄስና ኢማም ጎን ለጎን ሆነው ሸኟት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢም የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሆና ተቀበረች። ያንን ፎቶ ለዓለም እንደ ብርቅ ነው ያሳዩት። ቅሬ፣ ማለትም የወሎ የቀብር ዕድር፣ ያለው ሰው ቢያየው «ታዲያ ማን ሊቀብራት ኖሯል?» ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ከዚያ ግድያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ኦክቶበር 2010፣ የጀርመኗ መራሔ መንግሥት አንጌላ መርከል ብዝኃ ባህላዊ ኅብረተሰብ ለመፍጠር የተደረገው ሙከራ ጨርሶ ከሽፏል ብለው ነበር። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ፌብሩዋሪ 2011 ሙኒክ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ። ከአምስት ወር በኋላ ኦስሎ ሆነ። ስለዚህ ጥፋቱ የእነሱ ነው የሚል ክርክር ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። መንግሥት ስደተኛን እንዴት ያስተናግድ፣ ቋንቋ መማር ግዴታ ይሁን ወይ፣ ትምህርት ቤት በሃይማኖት ይለይ ወይ፤ እነዚህ የፖሊሲ ጥያቄዎች ናቸው። ይጠየቁ፤ መልሱም ያከራክር። ጣጣው የሚመጣው «ይህ አሠራር ያዋጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀስ እያለ ተንሸራቶ «እነዚህ ሰዎች እዚህ ምን ይሠራሉ?» ሲሆን ነው። ሲንሸራተት ደግሞ ማንም ፊሽካ አይነፋም።

ስዊዘርላንድን ተመልከቱ። ኖቬምበር 2009 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 57.5 በመቶ ድምፅ ሰጪ አዲስ ሚናራ እንዳይሠራ ወሰነ። ያኔ አገሪቱ በሙሉ የነበራት ሚናራ 4 ነው። ደሴ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ብትቆሙ ከዚያ በላይ ትቆጥራላችሁ። ሕዝቡ የወሰነው በዓይኑ ባየው ሚናራ ላይ አልነበረም፤ ፖስተር ላይ በተሳለለት ላይ እንጂ።

ክራይስትቸርች፣ ኒውዚላንድ፣ ማርች 15 ቀን 2019። ዓርብ፣ የጁምዓ ሰዓት። ሁለት መስጊድ፣ 51 ሟች። ይህኛውም ሰነድ ጽፏል፤ ርዕሱን አንድ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ካስፋፋው «ታላቁ መተካት» ከሚል ሐረግ ወስዶ፤ ስደተኛው የአውሮፓን ሕዝብ ሊተካ ነው ማለት ነው። የኖርዌዩንም በስም አንስቷል። ያዋሰውም ራሱ የተዋሰ ነው ማለት ነው። ግድያውን በፌስቡክ 17 ደቂቃ በቀጥታ አስተላለፈ። በቀጥታ ያዩት ከ200 ሰው በታች እንደሆኑ ኩባንያው ተናግሯል። በ24 ሰዓት ውስጥ ግን 1.5 ሚሊዮን ቅጂ ማጥፋት ነበረበት። እነዚያን ቅጂዎች የጫናቸው ገዳዩ አይደለም፤ እሱ ታስሯል። እንደ እኔና እንደ እናንተ ስልክ የያዘ ሰው ነው። አንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦች ሳይቀሩ ቁራጩን ለጥፈው ሲወቀሱ አነሱት። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን ስሙን አልጠራም አሉ። እኔም አልጠራውም።

ጋዜጠኝነት የምትማሩ ልጆች፣ አሁን ለእናንተ ነው።

ሚዲያ ጥላቻን በውሸት ብቻ የሚነዛ ይመስለናል። ውሸት ቀላሉ ነው፤ ይያዛል። ከባዱ እውነት የሚመስለው ነው። ኖቬምበር 2015 ያው ዘ ሰን «ከ5 የእንግሊዝ ሙስሊሞች 1ዱ ለጂሃዲስቶች ያዝናል» የሚል ርዕስ በፊት ገጹ አወጣ። ጎኑ ላይ ቢላዋ የያዘ የአይሲስ ገዳይ ፎቶ። ጥናቱ የሌለ አልነበረም፤ ሰዎች ተጠይቀዋል። የተጠየቁት ግን ሶርያ ሄደው ከተዋጊዎች ጋር ለሚቀላቀሉ ወጣት ሙስሊሞች ታዝናላችሁ ወይ ተብለው ነው። የትኛው ተዋጊ እንደሆነ አልተነገራቸውም። አንዲት እናት «ልጆቹ ያሳዝኑኛል» ብላ ብትመልስ ጋዜጣው ላይ የአይሲስ ደጋፊ ሆና ወጣች ማለት ነው። የአገሩ የፕሬስ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ርዕሱ አሳሳች ነው ብሎ ወሰነ፤ ጋዜጣውም ውሳኔውን አተመ። ርዕሱን ካነበበው ሰው ስንቱ ውሳኔውን አነበበ?

ወይም ሳውዝፖርትን ውሰዱ። ጁላይ 29 ቀን 2024 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወጣት የዳንስ ትምህርት ላይ የነበሩ ሦስት ሕፃናት ሴቶችን በቢላዋ ገደለ። ፖሊስ ስሙን አልገለጸም፤ ዕድሜው ከ18 በታች ነበርና። በሰዓታት ውስጥ ኢንተርኔት ራሱ ስም አወጣለት። ሙስሊም የሚመስል ስም። በጀልባ የገባ ስደተኛ ነው ተባለ። በማግሥቱ የከተማዋ መስጊድ በድንጋይ ተደበደበ። ልጁ እዚያው ብሪታንያ፣ ካርዲፍ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከሩዋንዳ የመጡ ነበር። መስጊዱ ደግሞ አጥሩ ፈርሷል። ያገሩ ሰዎች በነጋታው መጥተው አጥሩን መልሰው ገነቡ፤ ይህም ይነገር።

እሺ፤ ሐረጎን እንውረድ።

የልጅ ኢያሱን ታሪክ ለወሎ ሰው ላስተምር ብል ድፍረት ነው። አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋና ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር። መኳንንቱ ሌላ ብዙ ቅሬታ ነበራቸው፤ የሹመት፣ የሥልጣን። ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ኢያሱ ከቱርክና ከጀርመን ጋር ይወግናሉ ብለው ሠግተዋል። ይህን ሁሉ ለገበሬው አስረዳ ቢባል ማን ያስረዳል? ስለዚህ በአንድ ቃል ተጠቀለለ። ሰለመ! የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚታዩበት ፎቶ ሳይቀር ዞሯል፤ ፎቶው የተቀናበረ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ፎቶሾፕ ሳይኖር ፎቶሾፕ ነበር። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ይዘውት የዘመቱት የወሎ ጦር አለቀ።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ፣ ጥር 2005 ዓ.ም፣ ከመንግሥት ጋር በሃይማኖት ነፃነት ጉዳይ የተሟገቱት የሙስሊም ኮሚቴ አባላት ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት እያለ በብሔራዊው ቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ተሠራባቸው። እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ተላለፈ። ያንን ማታ ያየ ሰው ዳኛ አላስፈለገውም። «አክራሪ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ጢም ያሳደገን ሁሉ ተከትሎ ሲዞር ከረመ። ቁምጣ ሱሪ የለበሰ ልጅ ደሴ ፒያሳ ሲያልፍ ዘወር ብለው ያዩት የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ።

ሌላው ይበልጥ ያማል። ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ አንድ የሙስሊም ሃይማኖት አባት ሲቀበሩ በተነሳ ግጭት ከ20 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በቀናት ውስጥ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን አጠፋ? ምንም። በመሀል የተጓዘው ዐረፍተ ነገር ነው። «ክርስቲያኖች ሙስሊሞችን ገደሉ» የሚል። ያ ዐረፍተ ነገር ወራቤ ሲደርስ የጎንደሩን ገዳይ ማግኘት አይችልም፤ በአቅራቢያው ያለውን ክርስቲያን ግን ያገኛል። ከወራቤ ደግሞ «እስላሞች ቤተ ክርስቲያን አቃጠሉ» ሆኖ ተመለሰ። የጎንደሩ ገዳይ ስም አለው። የወራቤው አቃጣይ ስም አለው። ስማቸውን ትተን በሃይማኖታቸው በጠራናቸው ቁጥር በሚሊዮን የሚቆጠር ጓደኛ እየሰጠናቸው ነው።

አሁን «እኛ ወሎዬዎች ግን...» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። (ሳቅ) አውቃለሁ። ወሎ የፍቅር አገር ነው። በአንድ ቤት አባት ሙሐመድ፣ ልጅ ገብሬ። እውነት ነው፤ ደግሞም ደስ ይላል። ግን መፈክር አድርገነዋል፤ መፈክር እንደ ክትባት አይሠራም። ከደሴ ብዙ ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው ሙስሊሙ ክርስትና እንዲነሳ አዘዙ። የልጅ ኢያሱ አባት፣ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ፣ ያኔ ነው ሚካኤል የተባሉት። ሸኽ ጦልሃ አልቀበልም ብለው አመፁ፤ የተሰደደ ተሰደደ፣ የሞተ ሞተ። ስለዚህ አያቶቻችን ተዋደው የኖሩት ክፉ ስላላዩ አይደለም። አይተውት ነው። ይህን ስንደብቅ ልጆቻችን ነገሩ ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል፤ ከሰማይ የወረደን ነገር ደግሞ የሚጠብቅ የለም።

እንዴት እንደሚጠበቅ ማየት ከፈለጋችሁ ክርስቲያን ልጁን የሚድርበት ድግስ ጓሮ ግቡ። የሙስሊሙን እንግዳ በሬ የሚያርደው ሙስሊም ጎረቤት ነው፤ ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ። ድስቱ ከሙስሊም ቤት ይመጣል። ወጡን የሚሠሩት እነ እትዬ ፋጡማ ናቸው። ጭልፋ ከጭልፋ እንዳይቀያየር አንዲት እናት በርጩማቸውን ስበው እዚያው ይቀመጣሉ፤ አንድ ጎረምሳ ተሳስቶ የዚያኛውን ጭልፋ ቢያነሳ እጁን በማማሰያ ይሉታል። ጠላው በዚህ፣ ቃሪቦው በዚያ። ከዚያ ሁሉም አንድ ዳስ ውስጥ ይበላል።

አውሮፓ ላይ በሚደረገው ክርክር አንዱ ወገን ሁሉም ከአንድ ድስት ካልበላ አገር አይሆንም ይላል። ሌላው ሁሉም በየቤቱ የፈለገውን ይብላ ይላል። ሰርጉ ጓሮ ያለው ሦስተኛ ነገር ነው፤ ሥጋህን አልበላም የሚለው ሰው አይጠየፍህም፣ አልበላም ማለቱን ያከበርክለት አንተም አልተናቅህም። ይህ ሥራ ይፈልጋል። ተጨማሪ ድስት፣ ተጨማሪ ወጪ፣ ጭልፋ የሚጠብቁ እናት። አሁን አሁን በሁለቱም ወገን «ዳሱ ውስጥ መግባት ራሱ ሐራም ነው»፣ «ራሱ ኃጢአት ነው» የሚሉ ሰባኪዎች ቲክቶክ ላይ በዝተዋል። ብሬይቪክ ብዝኃ ባህልን ሲጠላ ያሰበው ይህንኑ ዳስ ነበር፤ እነዚህም ሳያውቁት እሱ የቆመበት መሥመር ላይ ቆመዋል።

በቅርቡ እዚሁ ኮምቦልቻ ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ ስልኩን አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄን አይተሃል? መስጊድ እያቃጠሉ ነው።» አየሁት። እሳት፣ ጩኸት፣ የሚሮጥ ሰው። አንድ ጥግ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ ይታያል። ፊደሉ የእኛ አይደለም፤ ዐረብኛም እንግሊዝኛም አይደለም። አቁሜ አሳየሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አጉልቶ አየው፣ «እውነትም የእኛ አገር አይደለም» አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ግን እኛም አገር ሆኗልኮ።»

መልስ አልነበረኝም። ሆኗላ! ሐሰተኛ ቪዲዮ የሚሠራው ስለዚህ ነው። እውነተኛ ቁስል ላይ ነው የሚለጠፈው። «ውሸት ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ የሞጣን ሰው ሐዘን ውሸት ነው እንደማለት ይሰማል። ልጁን ያሳመነው ፊደሉ ነው፤ ያላረጋጋው ግን እውነተኛው ነገር ሲሆን ማን በትክክል እንደዘገበለት ስላላየ ነው። የተቃጠለው ስንት ነው፣ ማን ተከሰሰ፣ ማን ተፈረደበት፣ ማን መልሶ ሠራው? ይህን ሳንዘግብ ባለፍን ቁጥር ቦታውን የባጃጁ ቪዲዮ ይሞላዋል።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጨምር።

አንድ አባት «ሕግ የለም ወይ?» አሉ። አለ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል ይላል፤ ጥቃት ካስከተለ ቅጣቱ ይከብዳል። እኔ ይህን ሕግ ግማሽ ልቤ ይወደዋል፣ ግማሹ ይፈራዋል። በ2005 «አክራሪ» የሚለውን ቃል የለጠፈው መንግሥት ራሱ ነበርና፣ ጥላቻ ምን እንደሆነ ለመንግሥት ብቻ ሰጥቼ ቤቴ ገብቼ አልተኛም።

አንድ ተማሪ ደግሞ «ገዳዩ በእርግጥ በሃይማኖቱ ምክንያት ቢገድልስ? እንደብቀው?» አለ። አትደብቀው። ምክንያቱ ሃይማኖት ከሆነ፣ ራሱ ከተናገረ፣ ማስረጃ ካለ ጻፈው፤ ስሙን፣ የሠራውን፣ ያለውን። ካልሆነ ግን ርዕሱ ላይ ሃይማኖቱን ምን ወሰደው? ርዕስህን ከማውጣትህ በፊት የአንተን ሃይማኖት ስም እዚያ ቦታ አስገብተህ አንብበው። ከጎረበጠህ ሌላውንም ይጎረብጠዋል።

ልጁ አልለቀቀኝም። «እኔ በትክክል ጽፌ ዋና አዘጋጁ ርዕሱን ቢቀይርብኝስ?» አለ። ስምህ ከዜናው ላይ እንዲነሳ ጠይቅ አልኩት። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ደመወዜ አልተነካም። ግን ለጥቂት ወራት የእግር ኳስ ውጤት አንባቢ ሆኜ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ወሎ ኮምቦልቻ በየሳምንቱ ይሸነፍ ነበርና የደሴ ሰው ሆን ብሎ ነው የሚያነበው ብላችሁ ታሙኝ ነበር።